ሃያ አንድ ፊደል

ሌሊት ነው በታርቱ፤ ወንዙ በረዶ ለብሷል፣
ከፎቁ መስኮቶች የእኔ ብቻ በርቷል።
ማቀዝቀዣው ከጥግ እንደ ንብ ያዜማል፣
ጓንቴን አጥልቄያለሁ፣ እጄ ይቆረጥማል።

ሁለት ጉድጓድ ከፊቴ፣
የስፋታቸው ልክ የትንሿ ጣቴ፤
በአንዱ ጤነኞቹ፣ በአንዱ ወፈፌዎች፣
የአንድ ሳንባ ልጆች፣ የአንድ ቤት ሥጋዎች።
የሰውየው ስም የለም። ክዳኑ ላይ ያለው
«አርባ ሰባት» ብቻ፣ እኔው የጻፍኩት ነው።

ስሙን ኋላ ሰማሁ።
ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ከፔይፕሲ ሐይቅ ዳር
በአውቶቡስ መጣች፤ ታቅፋ ነበር
የሽንኩርት ጉንጉን፣ ሹሩባ የመሰለ፣
ሥሩ ላይ አፈሩ እንደ ደረቀ ያለ።
ኡስቲኒያ ነው ስሟ።
«አባቴ ዚኖቪ ነው ግንቦት ላይ የዘራው፣
ነሐሴ ሲደርስ ግን እኔ ነኝ የነቀልኩት፤
ላከሙት ሰዎች ብዬ ነው ያመጣሁት።»
ሐኪሙ ተዛውሯል፤ ዘበኛው ወደ እኔ
መራት በደረጃ። ቆመች ከጎኔ።
መዝገብ ከፈትኩ፦ ዚኖቪ፣ አርባ ሰባት።
«ከእርሱ የቀረ ነገር አለ ወይ እናንተ ጋ?»
ብላ ጠየቀችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«ወረቀት» አልኳት።

ዋሸሁ።
ከጀርባዬ፣ በሙቀት ሳጥኑ ውስጥ፣
በሠላሳ ሰባት ዲግሪ
አርባ ሰባት ይተነፍስ ነበር።

ከጤነኛው ሕዋስ ትእዛዙ ሲወጣ
«ይብቃ» ይላል ቃሉ፣ ልክ እንዳያጣ።
በዚኖቪ ሳንባ ግን፣ በአንዱ ክፉ ቀን
(ማን ያውቃል? በጭስ ነው? ያለ ምክንያት ይሆን?)
አንዲት ፊደል ወድቃ ሌላይቱ ቆመች፣
ቃ የነበረችው ዛ ሆና ተጻፈች።
«ይብዛ» አለ ትእዛዙ።
በዛ።

የምልከው አርኤንኤ ሃያ አንድ ፊደል ነው፣
የተሳሳተው ቃል የመስታወት ገጹ ነው፤
በቅባት ጠብታ ጠቅልዬ ሰደድኩት፣
ከሁለቱም ጉድጓድ እኩል አንጠባጠብኩት።
መርዝ አይደለም። እሳትም አይደለም።
መጽሐፉን አይነካም፣ ገጹን አይፍቅም፤
ከመጽሐፉ ተቀድቶ የሚዞር ደብዳቤ
ሲያገኝ፣ ጎን ለጎን ይለጠፍበታል።
መቀሱም የእኔ አይደል፣ የሕዋሱ ገንዘብ ነው፤
እኔ «እዚህ ጋ ቁረጥ» የምል ጠቋሚ ነው የላክሁት፣ ሌላ ምንም አይደለው።
«ይብቃ» የሚል ሲያይ ገልመጥ ያደርገዋል፣
በአንዲት ፊደል አይገጥም፣ ሳይነካው ያልፈዋል።

አለቃዬ ኡርማስ «አትደሰቺ» ይላል፣
«ሳህን ሰው አይደለም፤ ደም ውስጥ ይበጠሳል፣
ኩላሊት ያፈሰዋል፣ ጉበት ይውጠዋል፣
ሳንባ ሳይደርስ ገና መንገድ ላይ ይቀራል።»
ልክ ነው።
ስንት ጊዜ በሳህን ድል አድርገን፣
ስንት ጊዜ በአይጥ ላይ ተሸነፍን።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። ማጉያውን ሳብኩት፣
ዓይኔን ገጠምኩበት፣ ፈራሁ፣ አየሁት።
ወፈፌዎቹ ረግፈው፣ ከወለሉ ለቀው፣
እንደ ዱቄት ጉድፍ ይዋልላሉ ክብ ሆነው።
ጤነኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘዋል፣
ጠፍጣፋ፣ ጸጥ ያሉ፤ ቦታቸውን ይዘዋል።

የገባኝ ወንበር ስቤ ስቀመጥ ነው።
ዚኖቪ ሐምሌ ላይ ሞቷል፤ መቃብሩ ላይ በረዶ አለ።
የገደለው ካንሰር ግን እስከ ዛሬ ጠዋት
በእኔ እጅ ሲቀለብ፣ ሲሞቅ፣ ሲኖር ነበር።
ያበላሁት እኔ ነኝ።
ዛሬ አንዱ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነ።
ከአጠገቡ፣ ከሰውየው የቀረችው ሳንባ፣
እንባ የማታህል፣
ገና ትኖራለች።
ስድስት ወር ዘግይቶ፣ ጣት በማይሞላ ስፍራ፣
ዚኖቪ ገዳዩን ቆሞ ቀበረ።

ይህንን በየትኛው ዓምድ እጽፋለሁ?
የልጅቱ ስልክ ቁጥር አለኝ። ደውዬ ምን እላለሁ?

ጉንጉኑ ከመስኮቱ፣ ከማሞቂያው በላይ ተሰቅሏል።
አንዱ ሽንኩርት በክረምት ልብ ውስጥ
አረንጓዴ አውጥቷል።
መቀስ ይዤ ነበር።
ተውኩት።